የበያጁ እጅ

የቡድኑ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ አንድ ሚኒባስ አልሞላም። ሹፌሩ በሩን ሊዘጋ ሲል አንገቱን ወደ ውጭ አስግጎ የቀረ ሰው ፈለገ፤ አጣ። ሌሎቹ በየትኛው መኪና እንደሚመጡ ጠየቀ። የቡድኑ መሪ ከረባቱን እያስተካከለ ሌሎች እንደሌሉ ነገረው። ሹፌሩ ሰዎቹን እንዳያስከፋ ብሎ መንገዱን ሙሉ የመኪናው ወንበር እንዴት ሰፊ እንደሆነ አወራ።

በዓለም አቀፉ የስፖርት ውድድር መክፈቻ ሥነ ሥርዓትም ነገሩ ያው ሆነ። የአገራቸው ስም በድምፅ ማጉያ ሲጠራ ስታዲየሙ አጨበጨበ፤ ጭብጨባው ለእነሱ ይሁን ከኋላቸው እንደ ጎርፍ ለሚተመው ትልቅ ቡድን ይሁን ግን አልታወቀም። ባንዲራውን የያዘችው አሎሎ ወርዋሪዋ ነበረች፤ ጓደኞቿ አሳጥረው «አሎሎ» ነው የሚሏት። ካሜራው ሳያልፋቸው ቶሎ ቶሎ እጃቸውን እንዲያወዛውዙ አዘዘች። አወዛወዙ። ካሜራው አለፋቸው።

ነርሷ የተሰለፈችው በመጨረሻው ረድፍ ነው፤ መጨረሻው ደግሞ ከፊተኛው ቀጥሎ ያለው ነው። በቡድኑ ውስጥ ሁለት ሥራ ነበራት። አንደኛው በድብልቅ ጥንድ ጠረጴዛ ቴኒስ መጫወት ነው። ሁለተኛው፣ ለሐኪም ቦታ ስለጠፋ፣ የተጎዳውን ማሸት፣ ያበጠውን መጠቅለልና መጫወት የማይችለውን «አይችልም» ብሎ መፈረም ነው። ሁለቱ ሥራዎች አንድ ቀን ይጋጫሉ ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ከጎኗ የጥንድ ጨዋታ አጣማሪዋ በያጁ ይራመዳል። የደንብ ልብሱ ኮት ትከሻው ላይ ጠቦታል። እጁን ባነሣ ቁጥር እጅጌው ወደ ክንዱ እየሸሸ የብየዳ ፍንጣሪ የተወለትን ጥቃቅን ጠባሳ ያሳያል።

«ሲስተር፣ እናትሽ አሁን እያዩን ይሆን?» አላት።

«ዓይኗን ካላርገበገበች አይታናለች።»

ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ የእሷ ሳቅ ግን እንደ ልማዷ ወደ ውስጥ ነበር። ከፊታቸው የሚሄደው ታላቅ ወንድሟ ዞር ብሎ አያቸው። ሁለቱም ዓይናቸውን ወደ ባንዲራው መለሱ።

ከበያጁ ጋር የተዋወቀችው በአልጋ ምክንያት ነው። የሆስፒታሉ አንድ አልጋ እግሩ ተሰብሮ፣ መኪና ቢጠበቅ ቢጠበቅ ስላልመጣ፣ እሷና አንድ ተላላኪ በደህናዎቹ ጎማዎች እየገፉ በዋናው መንገድ ይዘውት ወጡ። አንሶላው አልጋው ላይ ተከምሮ ስለነበር ያየ ሁሉ በሽተኛ ያለበት እየመሰለው መንገድ ለቀቀ። «እግዜር ይማርልሽ፣ ልጄ» አሏት አንዲት አሮጊት፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። ከማስረዳት ዝም ማለት የሚቀላት ሰው ናትና «አሜን» ብላ ገፋች።

ብየዳ ቤቱ ሲደርሱ በያጁ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ አንሶላውን ገለጥ አደረገና፣ «ይኼኛው እንኳን ቀሏል» አለ። የዚያን ቀን መሳቋን መደበቅ አቃታት።

አልጋው እስኪበየድ ድረስ ወደ ጓሮ ዘለቀች። በግድግዳውና በጋዝ ሲሊንደሮቹ መካከል፣ ባለቤታቸው ሳይወስዳቸው የቀሩ ሁለት የብረት በሮች ተጋጥመው የጠረጴዛ ቴኒስ ጠረጴዛ ሆነው ነበር። መረቡ የወንፊት ሽቦ ነው። ቦታው ከመጥበቡ የተነሣ ተጫዋች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቢል ጀርባው ግድግዳ ይነካል። ራኬት አንሥታ ኳሱን ሁለት ሦስቴ ስታነጥር በያጁ ከቶ ከማይዘጋው የጓሮ በር ላይ ቆሞ ያያታል። እንግዳ ናት ብሎ ቀስ ብሎ ሊያጫውታት ገባ። እሷ የብሔራዊ ቡድን ተጫዋች መሆኗን አልነገረችውም። የመጀመሪያዋ ኳስ ሳያያት አለፈችው፤ ሁለተኛዋም። ሦስተኛዋን ግን ገና ከብረቱ ነጥራ ሳትነሣ እንደ መቅለብ አድርጎ መለሰላት። እንዲህ ያለ አመታት ከዚያ በፊት አላየችም። ወደ ኋላ መሸሻ የሌለው ሰው ከፊት መምታትን ይማራል።

የቀድሞ አጣማሪዋ ውጭ አገር ሥራ አግኝቶ ከሄደ ወዲህ ለድብልቅ ጥንድ የሚሆን ወንድ ጠፍቶ ነበር። በጥንድ ጨዋታ አንድ ወገን ያሉት ሁለቱ በየተራ ነው የሚመቱት፤ አንዱ መትቶ ወዲያው ካልሸሸ ሌላው መምቻ ያጣል። ስለዚህ ጨዋታው ግማሹ መምታት፣ ግማሹ ለሌላው ቦታ መልቀቅ ነው። በዚያ ጠባብ ጓሮ መሸሽ ማለት ደግሞ ጎን ለጎን ተሻሽቶ ማለፍ ነበር። በያጁ መጀመሪያ ትከሻው በነካት ቁጥር «ይቅርታ ሲስተር» ይል ነበር። አንድ ኳስ፣ አንድ ይቅርታ። ከጊዜ በኋላ ይቅርታው ቀረ። መቼ እንደቀረ ሁለቱም አላስተዋሉም፤ ወይም አስተውለው ሆዳቸው ውስጥ አስቀሩት።

አሠልጣኙ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ «ጋሼ» ትለዋለች። አባታቸው ሲሞቱ ትምህርቱን አቋርጦ በስፖርት መምህርነት እሷን ያሳደገ፣ ነርስ እስክትሆን ድረስ ለራሱ ጫማ ያልለወጠ ሰው ነው። በያጁን ወደ ትምህርት ቤቱ አስጠርቶ ሲመታ አየና እጁን አደነቀ። ብየዳ ቤቱን ግን እግሩ እንደማይረግጠው ተናገረ፤ ልምምዱም በትምህርት ቤቱ አዳራሽ እንዲሆን አዘዘ። ሁለቱ ለአዳራሹ ታዘዙ፤ ከሥራ በኋላ ግን ወደ ጓሮው መሄዳቸውን አልተዉም።

«ለጠረጴዛው ይሁን» አላት ወንድሟ አንድ ቀን። «ከጠረጴዛው ወዲያ ግን እኔ አንቺን ያስተማርኩሽ ለብረት ቤት አይደለም።»

አልመለሰችለትም። እሱ ደግሞ ዝምታዋን እሺታ አድርጎ ወሰደው። ዝምተኛ ሰው ትልቁ ችግሩ ይኼ ነው፤ ሌላው ሰው በአፉ ይናገርለታል።

ጨዋታዎቹ ተጀመሩ። መጀመሪያ የተወዳደረው ዋናተኛው ነበር። ሌሎቹ ከውኃው ወጥተው በፎጣ ሲደራረቁ እሱ ገና እየቀዘፈ ነበር፤ ሲጨርስ ግን በአገሩ ከዚያ በፊት ማንም ያልዋኘውን ፍጥነት ዋኝቶ ነበር። ያንን ማንም አላወራም። አንድ ቀልደኛ ምስሉን ከእሹሩሩ ዜማ ጋር አቀናብሮ በስልክ ለቀቀውና ዓለም ሳቀበት። የመሪው ስልክ ከአገር ቤት እየተደወለ ሲጮኽ ዋለ።

በማግስቱ የድብልቅ ጥንድ ዕጣ ወጣ። ነርሷና በያጁ ለመጀመሪያው ዙር የደረሳቸው የዓለም አንደኞቹ ጥንድ ሆኑ። አሎሎ ዕጣውን አይታ አቀፈቻቸውና ከአንበሳ ጋር የታገለ ቢያንስ ከድመት ጋር አይለካም ብላ አጽናናቻቸው። በያጁ ደስ ብሎት አመሸ። ነርሷም ደስ አላት። ከዓለም አንደኞቹ ጋር ያንን ባንዲራ ደረቷ ላይ አድርጋ፣ እሱን ከጎኗ አድርጋ፣ አገር እያያት ልትቆም ነው። በሕይወቷ ከሰው ፊት መቆም የፈለገችበት ጊዜ ቢኖር ይኼ ብቻ ነበር።

የጨዋታው ቀን ጠዋት መሪው አስጠራት።

መሪው ክፉ ሰው አልነበረም። ዕድሜውን በመሥሪያ ቤት የጨረሰ፣ ሰውን «ልጄ» እያለ የሚያዋራ፣ ከረባት ሳያስር ቁርስ የማይበላ ሽማግሌ ነው። አስቀምጧት ብዙ አወራ። ትንሽ አገር ያላት ክብሯ ብቻ እንደሆነ፣ መሸነፍ እንደሚረሳ፣ መሳቂያ መሆን ግን እንደማይረሳ አስረዳት። ከዋናተኛው በኋላ ሁለተኛ መሳለቂያ አገሪቱ አትችልም አለ። ዘዴውም ቀላል ነው፤ የበያጁ አንጓ ተጎድቷል ተብሎ ይጻፋል፣ የቡድኑ የሕክምና ባለሙያ ትፈርማለች፣ ጥንዱ በክብር ይወጣል። ወረቀቱን ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

«እጁ ደህና ነው» አለች።

«እሱን እኔም አውቃለሁ። ፈሪ ለእናቱ ይባላል እኮ፣ ልጄ።»

«የኔ እናት ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣ ነው የምትጠብቀኝ፣ አባቴ።»

ድምፅዋ ቀጥኖ ነው የወጣው፤ ግን አልተቆረጠም። ወረቀቱን በአንድ ጣት ወደ መጣበት መለሰችው። ነርስ ሆና በሠራችበት ዘመን ሁሉ ያልታመመ ሰው ታሟል ብላ ፈርማ እንደማታውቅ፣ አሁንም ለሽንፈት ፍርሃት ብላ እንደማትጀምር ነገረችው። መሪው ፊቱ ተለዋወጠ። ያለ ፈቃዱ ከተጫወቱ ይህን ማልያ ዳግመኛ እንደማይለብሱ በቀስታ አስታወቃት። ቀስታው ከጩኸት ይብስ ነበር።

«ዛሬን እለብሰዋለሁ» ብላ ወጣች።

ወንድሟ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ፊቱን እንዳየች ነገሩ ገባት።

«ጋሼ፣ አንተም ታውቅ ነበር?»

አልካደም። ለእሷ ብሎ እንደሆነ ተናገረ። ጨዋታው ሳይካሄድ ቢቀር ሰላም ነው፤ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ፣ እሷ ወደ ሆስፒታሏ፣ ልጁ ወደ ብረቱ፣ ነገሩ በዚያው ይበርዳል። አንዴ በዓለም ፊት ጎን ለጎን ከቆሙ ግን የሰው አፍ አንድ አድርጎ ይሰፋቸዋል አለ።

«አንተን የሚያስፈራህ ሽንፈቱ አይደለማ» አለችው።

ዓይኑን ወደ ወለሉ መለሰ። አሁን መከራከሩ ዋጋ እንደሌለው ነገራት፤ መሪው እሷ እንደማትፈርም ጠርጥሮ ከማለዳው በያጁን አግኝቶታል። አጣማሪህ የእጅህን ጉዳት ፈርማለች፣ ዕረፍት አድርግ ብሎታል። ሰውዬው ካልቀረበ ጨዋታው ያለ ፊርማም ይሰረዛል።

«እኔ ፈረምኩ ብሎ?» አለች። ወንድሟ ሊይዛት እጁን ሲዘረጋ በጎኑ አልፋው ሄደች። በዚያ ጓሮ የተማረችው አስተላለፍ ነበር።

የበያጁ ስልክ አይነሣም። ምግብ አዳራሹን ዞረች፤ በየማዕዱ ስንት ዓይነት ቋንቋ ይወራል፣ እሱ የለም። ወደ ልምምድ አዳራሹ ሄደች፤ የለም። ወደ ክፍሏ ስትመለስ አሎሎ አልጋዋ ላይ ተጋድማ እግሯን ግድግዳ ላይ ሰቅላ አገኘቻት። ነርሷ ሳትጠይቃት፣ የእሷ ሰውዬ ቅርጫት ተሸክሞ ወደ ምድር ቤቱ የልብስ ማጠቢያ መውረዱን ነገረቻት።

«ሲከፋው ልብስ የሚያጥብ ወንድ አይቼ አላውቅም» አለች አሎሎ። «ያዢው፣ እንዳያመልጥሽ።»

የልብስ ማጠቢያው ክፍል በሙቀትና በሳሙና ሽታ ታፍኗል። ማሽኖቹ በረድፍ ይዞራሉ። በያጁ በአንዱ ክብ መስታወት ፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጦ የራሱን ማልያ ሲገለባበጥ ያያል። ስትገባ ቀና አላለም።

«አጥቤ ልመልሰው ብዬ ነው» አለ። «የመንግሥት ንብረት ነው።»

ከጎኑ ተቀመጠች። ሁለቱም ማሽኑን አዩ። ማልያው ሲዞር ባንዲራው ብቅ ይልና መልሶ አረፋው ውስጥ ይጠልቃል።

«ምን አሉህ?»

«እጄ ታሟል አሉኝ። ሐኪሟ ካለች ታሟል።» ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ አልሆነለትም። «አንቺን አልቀየምም፣ ሲስተር። የዓለም ሰው ሁሉ በሚያይበት ከበያጅ ጋር መቆም… እኔም ባንቺ ቦታ ብሆን አስብበት ነበር። ብቻ ራስሽ ብትነግሪኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

«እጅህን አምጣ።»

«ምን ሊሆን?»

«አምጣ አልኩህ። ሐኪሟ ነኝ።»

ሰጣት። የቀኝ አንጓውን በሁለት እጇ ያዘች። የእጁ ቆዳ ሻካራ ነው፤ ሙቀቱ ግን እንደ ማንኛውም ሰው ሙቀት ነው። በጣቷ አጥንቶቹን አንድ በአንድ ተጭና፣ ልክ ሆስፒታል እንዳለች፣ እዚህ ጋ ያምሃል፣ እዚያስ ጋ እያለች ጠየቀችው። ራሱን ነቀነቀ። ወደ ላይ አጠፈችው፣ ወደ ታች አጠፈችው። አሁንም አያመኝም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ምርመራው አልቋል፤ እጁን ግን አልመለሰችለትም።

«ይኼ እጅ ምንም አልሆነም» አለች። «እኔም ምንም አልፈረምኩም። ሊያስፈርሙኝ ወረቀት አቀረቡ፤ መለስኩላቸው።»

አሁን ቀና ብሎ አያት። ብዙ ጊዜ ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ ከሁለት አንዳቸው ዘወር ማለት ልማዳቸው ነበር፤ እዚያም እንደ ጨዋታው ተራ ነበራቸው። አሁን ዘወር ያለ የለም።

«ጋሼስ?»

«ጋሼ አሳድጎኛል። ለዚያ ዕድሜ ልኬን አመሰግነዋለሁ። ግን የምስጋናው መክፈያ አንተ አይደለህም።» ለእሷ ይኼ ረጅም ንግግር ነበር፤ ከጨረሰች በኋላ ፊቷ ጋለ። «ከተጫወትን ማልያውን ይቀሙናል ብለዋል። ሁለተኛ አንለብሰውም።»

በያጁ ማሽኑን አየው።

«እርጥብ ነው እኮ።»

«እርጥቡን ልበሰዋ።»

ሳቀ፤ የአልጋውን አንሶላ በገለጠበት ቀን የነበረው ሳቅ ነው። ከዚያ ሳቁን አቆመና በጣም በዝግታ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ «ሲስተር፣ እኔ አንቺን የምወድሽ…» ብሎ ጀመረ፤ መጨረሻው ጠፋበት። ቃል እንደ ብረት አይደለም፤ በእሳት አይቀጠልም።

«አውቃለሁ» አለች። «እኔም። ተነሣ፣ እንዳንዘገይ።»

አዳራሹ ግዙፍ ነበር። ጠረጴዛው በሰማያዊ ወለል መሐል እንደ ደሴት ቆሟል፤ ዙሪያው እንደ ልብ የሚያስሮጥ ሜዳ ነው። ተጋጣሚዎቻቸው ከነሐኪማቸው፣ ከነአሠልጣኞቻቸው፣ ከነቪዲዮ ቀራጫቸው መጥተዋል። በነርሷና በያጁ በኩል ያለው የአሠልጣኝ ወንበር ባዶ ነው። ዳኛው ወንበሩን አየና ምልክት በማድረግ ይጠበቅ እንደሆነ ጠየቃት። እንዲጀመር ነገረችው። የበያጁ ማልያ ጀርባው ላይ ገና አልደረቀም።

ጨዋታው አሥራ አንድ ነጥብ በሚሞሉ ጌሞች የተከፋፈለ ነው፤ ሦስት ጌም ቀድሞ የወሰደ ያሸንፋል። የመጀመሪያው ጌም ውርደት ነበር። ወንድሟ በልምምድ ሁሉ ሲነግራቸው እንደኖረው ሰፊውን ቦታ ሊጠቀሙበት ሞከሩ። ወደ ኋላ ሸሹ፣ ወደ ጎን ተበተኑ፤ እየተሯሯጡ ተፈላልገው ተጣጡ። ሁለቱ የዓለም አንደኞች ኳሱን በመካከላቸው ባለው ክፍተት እንደ ቀልድ አሳለፉት። ሁለት ነጥብ ብቻ አገኙ፤ አንዱም ኳሱ መረቡን ታክኮ በዕድል የገባ ነው። ከተመልካቹ መሐል አንድ ሰው ያንን የእሹሩሩ ዜማ አፏጨ፤ ጥቂቶች ሳቁ።

ለዕረፍት ዞር ሲሉ ወንበሩ ላይ ሰው ነበር። ወንድሟ ነው። ከሩጫ የመጣ ይመስል ትንፋሹ ይቆራረጣል። ነርሷ ምን ብሎ ሊያስቆማቸው እንደመጣ ለመስማት ተዘጋጅታ ጥርሷን ነከሰች። እሱ ግን ፎጣ አቀበላቸውና ወደ ማንኛቸውም ሳያይ፣ «ምን ያበታትናችኋል?» አለ። «እንደዚያ በሲሊንደሮቹ መሐል እንደምትጫወቱት ተጫወቱ።»

በያጁ ፎጣውን ከፊቱ ላይ አነሣ። ነርሷም ውኃውን ሳትውጠው ቆየች። ብየዳ ቤቱን እግሬ አይረግጠውም ያለ ሰው ሲሊንደሮቹን በምን አያቸው? በዚያ ከቶ በማይዘጋው የጓሮ በር በኩል ቆሞ አይቷቸዋል። አንድ ቀን ብቻ ላይሆንም ይችላል። አይቶ፣ ምንም ሳይል፣ ሄዷል። ዝምታ ለካ በቤተሰባቸው የእሷ ብቻ አልነበረም።

«ጋሼ…»

«ኋላ። አሁን ግቡ።»

ገቡ። በሰማያዊው ሜዳ ላይ ለራሳቸው የማይታይ ግድግዳ ሠሩ። ከጠረጴዛው አልራቁም። ኳሷን ገና ከመነጠሯ ይቀልቧታል፤ ይመታል፣ ትገባለች፤ ትመታለች፣ ይገባል። ትከሻው ትከሻዋን አልፎ ሲሄድ ማን የት እንዳለ ማየት አላስፈለጋትም፤ ታውቀዋለች። ተጋጣሚዎቻቸው የለመዱት ሰፊ ጨዋታ ነው፤ ትንፋሽ የሚያሳጣ ቅርበት አልለመዱም። የዓለም አንደኛዋ ሴት አንዴ ኳሱን ስታ አየር ስትመታ ዞር ብላ አጣማሪዋን በጥያቄ ዓይን አየችው።

ሁለተኛውን ጌም ነርሷና በያጁ ወሰዱት።

ማን እንደጀመረው ሳይታወቅ ሰው ቆመ። ያፏጨውም ሰውዬ ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ ማን ይለየዋል። አሎሎ ከላይ ከመደዳው መሐል ሆና የሁለቱን ስም እየጠራች ባንዲራውን እንደ አንሶላ ታራግባለች። ዋናተኛው ከጎኗ ቆሞ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ይጣራል።

ሦስተኛውን ተሸነፉ፤ ለጥቂት። አራተኛውንም ተሸነፉ፤ እሱንም ለጥቂት። ትልልቆቹ ትልልቆች የሆኑት በከንቱ አይደለም። ሲጨባበጡ የዓለም አንደኛው የበያጁን እጅ ያዝ አድርጎ ጠባሳውን አየና በአክብሮት ራሱን ዝቅ አደረገ።

ጋዜጠኞቹ የሚጠብቁት በመውጫው ጠባብ መተላለፊያ ላይ ነው። በሌላ ቀን ለእነሱ የሚቆም አልነበረም፤ ዛሬ ማይክሮፎኖቹ በረድፍ ተዘርግተዋል። መሪው ቀድሞ ደርሶ፣ ከረባቱን አሳምሮ፣ ከጋዜጠኞቹ ኋላ ቆሟል። አንዲት ጋዜጠኛ ነርሷ ዩኒቨርሲቲ በተማረችበት ቋንቋ ጥያቄዋን አቀረበች። ጠዋት ከቡድኑ በኩል የተጫዋቹ እጅ ክፉኛ መጎዳቱን ሰምተው ነበር፤ በታመመ እጅ ከዓለም አንደኞች ላይ ጌም መውሰድ ጀግንነት ነውና ስለ ጉዳቱ እንዲነግሯቸው ለመነች።

ነርሷ ወደ መሪው አየች። ሽማግሌው ዓይኑን ጨፈን ገለጥ አደረገ፤ በይ እንጂ፣ እንዲህ ያለ ወሬ ከየት ይገኛል ማለቱ ነው። ማልያው፣ የወደፊቱ፣ ምስጋናው ሁሉ በዚያ ጥቅሻ ውስጥ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ብትል ሁሉም ይታረቃል።

«ምን እያለች ነው?» አላት በያጁ በጆሮዋ።

«እጅህ እንዴት ነው እያለች ነው።»

«ምን ልትያት ነው?»

«እውነቱን።»

ማይክሮፎኑ ላይ ጎንበስ አለች። የተባለው ሐሰት መሆኑን፣ የቡድኑ የሕክምና ባለሙያ እሷ ራሷ እንደሆነች፣ ያን ሰው ዛሬ ጠዋት በገዛ እጇ እንደመረመረችው ተናገረች። የተሸነፉት በደህና እጅ ነው። ያሸነፉትንም ጌም ያሸነፉት በደህና እጅ ነው። አገራቸው ትንሽ ናት እንጂ በሽተኛ አይደለችም አለች።

ከዚያ የበያጁን ቀኝ እጅ ያዘችና ለካሜራዎቹ ከፍ አድርጋ አሳየች። እርጥቡ እጅጌ ወደ ትከሻው ሸሸ። ጠባሳው ሁሉ ታየ። መብራቱ ቦግ ቦግ አለ። ይህን ምስል እናቷ፣ ሆስፒታሉ፣ ሰፈሩ፣ ለአልጋው «እግዜር ይማርልሽ» ያሉት አሮጊት ሳይቀሩ እንደሚያዩት ታውቃለች። መሪው ፊቱን አዙሮ ሄደ። ማልያውን ነገ ይቀበላቸው ይሆናል። ይቀበላቸው።

ካሜራዎቹ ጠገቡ። ጋዜጠኞቹ ወደሚቀጥለው ተጫዋች ዞሩ። እጆቹ ከላይ ወረዱ፤ ግን አልተላቀቁም። በመተላለፊያው እንዲሁ ሄዱ። ወንድሟ ከኋላቸው ይከተላል። ከበሩ ሲደርሱ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በቃ እንግዲህ፣ ደህና መሆኑን ሁሉም አይቷል» አለ። «ልቀቂው።»

ቆመች። ዞር ብላ አየችው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ቀና ብላ የምታየውን ፊት። ድምፅዋ አሁን አልቀጠነም።

«አልለቅም፣ ጋሼ።»

ወንድሟ የተያያዙትን እጆች አየ። ከዚያ በያጁን አየው፤ ከጠረጴዛ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር በወጉ ያየው። በያጁም ዓይኑን አልሰበረም። ኮሪደሩ ላይ የሌላ አገር ተጫዋቾች እየተሳሳቁ አለፏቸው።

«እንግዲያው» አለ ወንድሟ፣ ወደ ትከሻቸው እጁን እየሰደደ፣ «ቦርሳዎቹን ለእኔ ስጡኝ። ሁለታችሁም አንድ አንድ እጅ ነው የቀራችሁ።»